ብሬስ ብቻ ወይስ የመንጋጋ ቀዶ ጥገና? ጎንደር ሆኖ ለሚወስን አዋቂ

ጥርሱን ለማስተካከል ያሰበ አዋቂ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ያስከፍላል?" ብሎ ነው። ቀጥሎ "ስንት ጊዜ ይፈጃል?" ይላል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ከሁለቱም የሚቀድም ግን አለ። የእኔ ችግር ያለው ጥርሱ ላይ ነው ወይስ አጥንቱ ላይ? ይህ ሳይመለስ አንድ ሽቦ እንኳ አፋችሁ ውስጥ መግባት የለበትም። ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ወደ ታች ትረዱታላችሁ።

ሁለቱ ችግሮች ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። የላይ ጥርሱ ወደ ፊት የወጣን ሰው ሰፈሩ ሁሉ ገጣጣ ይለዋል። አንዱ ገጣጣ ግን መንጋጋው ደህና ነው፤ ጥርሶቹ ብቻ ወደ ፊት አጋድለዋል። የሌላው ጥርሶች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ወደ ኋላ የቀረው የታችኛው መንጋጋው ነው። ለመጀመሪያው ብሬስ፣ ያ ጥርስ ላይ የሚታሰረው ሽቦ፣ ይበቃዋል። ሁለተኛው ብሬስ ቢያስር ጥርሱ ይንቀሳቀሳል እንጂ መንጋጋው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ልጅ ቢሆን ኖሮ ዕድገቱን ተጠቅሞ መንጋጋውን መምራት ይቻል ነበር። የመንጋጋ ዕድገት ሴቶች ላይ 17 ዓመት አካባቢ፣ ወንዶች ላይ 20 ዓመት ገደማ ያበቃል። የታች መንጋጋቸው ወደ ፊት የሚወጣባቸው ወንዶች ላይ ትንሽ ሊዘገይም ይችላል። ከዚያ ወዲያ አጥንቱን ከቦታው የሚያነሳው ቀዶ ጥገና ነው።

መስታወት ፊት የሚታይ ነገር

ሐኪም ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ቤታችሁ ሆናችሁ ልታዩት የምትችሉት ነገር አለ። የኋላ መንጋጋ ጥርሶቻችሁን ግጠሙ። ከንፈራችሁን ሳታስጨንቁ ዝጉ። ከዚያ እህታችሁ ወይም ወንድማችሁ በስልክ ከጎን ፎቶ ያንሷችሁ። ከንፈራችሁ የሚገጥመው አገጫችሁ እየተጨማደደ ከሆነ ልብ በሉት። አገጫችሁ ከከንፈራችሁ በጣም ወደ ኋላ ከሸሸ ወይም ቀድሞ ከወጣም ልብ በሉት።

ቀጥሎ ክር ውሰዱና በፊት ጥርሳችሁ ለመበጠስ ሞክሩ። የኋላ ጥርሶቻችሁ ገጥመው ሳለ ክሩ በፊት ጥርሶቻችሁ መካከል ዝም ብሎ ከሾለከ የፊት ጥርሶቻችሁ አይገናኙም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዳቦ የሚገምጠው በጎን ጥርሱ ነው። ብዙዎች ዕድሜ ልካቸውን እንደዚህ ሲበሉ ኖረው ችግር መሆኑን እንኳ አያውቁትም። በመጨረሻ ክሩን ከቅንድባችሁ መካከል እስከ አገጫችሁ ወጥራችሁ ከፊት ለፊት ፎቶ ተነሱ። አፍንጫችሁ መሃል ላይ ሆኖ አገጫችሁ ወደ አንድ ጎን ከሄደ ጉዳዩ የአጥንት ሊሆን ይችላል። ብሬስ አገጭ አያዞርም።

ይህ ጥቆማ ነው፤ ቁርጡ የሚታወቀው በራጅ ነው። አንደኛው ራጅ ሁሉንም ጥርስና መንጋጋ በአንድ ላይ የሚያሳየው ፓኖራሚክ ነው። ሁለተኛው የራስ ቅሉን ከጎን የሚያነሳው ሴፋሎሜትሪክ ነው። ለእኛ ጥያቄ ወሳኙ ሁለተኛው ነው። ሐኪሙ እሱ ላይ መስመርና ማዕዘን እየለካ የትኛው መንጋጋ ምን ያህል እንደቀረ ወይም እንደወጣ ያውቃል። የጥርሳችሁ ልክም በጄሶ ወይም በስካነር ይወሰዳል። መንጋጋው የሚያጠራጥር ሰው የጎን ራጅ ሳይነሳ "ነገ ና፣ ብሬስ ላስርልህ" ከተባለ ምክሬ ሌላ ሐኪም ማየት ነው።

ብሬስ ብቻውን ምን ይችላል?

"አሁንማ ዕድሜዬ አልፏል" የሚሉ ብዙ ናቸው። አላለፈም። 40ም ሆነ 50 ዓመት፣ ድዱና ጥርሱን የያዘው አጥንት ጤነኛ ከሆነ ጥርስ ይንቀሳቀሳል። ሽቦው ጥርሱን ቀስ እያለ ሲገፋው በሚሄድበት በኩል አጥንቱ ይሟሟል፣ በለቀቀው በኩል አዲስ ይሠራል። ስለዚህ ጊዜ ይወስዳል። አብዛኛውን ጊዜ ከ18 እስከ 24 ወር ነው፤ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱም ሐኪም ያየዋል። የድድ በሽታ ካለ ግን መጀመሪያ የሚታከመው እሱ ነው። የታመመ ድድ ላይ ብሬስ ማሰር ጥርሱን የያዘውን አጥንት ማሳጣት ነው።

ተደራራቢ ጥርስ፣ የተጣመመ ጥርስ፣ ሰፊ ክፍተት፣ ወደ ፊት ያጋደለ ጥርስ፤ እነዚህ በብሬስ ጥሩ ይስተካከላሉ። ፍንጭታችሁን የምትወዱት ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ቀን "እሱን አትንኩብኝ" በሉ። ተስተካክሎም ፍንጭት ሆኖ መቅረት ይችላል። ሐኪሙ ካልተነገረው በልማድ ይዘጋዋል።

የመንጋጋው ልዩነት መካከለኛ ሲሆን ብሬስ ብቻውን የሚሠራበት መንገድም አለ። አጥንቱ እንዳለ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ከላይ በግራና በቀኝ ከክራንቻ ጥርስ ኋላ ያለው ጥርስ ይነቀልና የፊቶቹ ወደ ክፍተቱ ይሳባሉ። ትንሽ ብሎን አጥንቱ ውስጥ ገብታ ሽቦውን እንድትስብ የሚደረግበትም አሠራር አለ። ማደንዘዣው የድድ ብቻ ነው፣ ሥራውም ደቂቃዎች ነው። እነዚህ ብሎኖች ድሮ ወደ ቀዶ ጥገና ይላክ የነበረውን የተወሰነውን ሰው አስቀርተዋል።

ልኩን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። የላይኛው የፊት ጥርስ ከታችኛው በ2 ወይም 3 ሚሊሜትር ቢቀድም ጤነኛ ነው። አዋቂ ላይ ልዩነቱ 10 ሚሊሜትር ካለፈ ብሬስ ብቻውን የመሸፈን ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። ጥርስን በግድ ከአጥንቱ ወሰን ውጪ ከገፉት ድዱ ይሸሻል፣ ሥሩም ሊያጥር ይችላል። መልክም አለ። አገጩ ወደ ኋላ የቀረን ሰው የላይ ጥርስ ብቻ ወደ ውስጥ ስትስቡት የላይ ከንፈሩ አብሮ ይገባል፤ አፍንጫው ጎልቶ ይታያል። ጥርሱ አምሮ ፊቱ ያላማረለት ሰው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ስለ አላይነር፣ ያ ግልጽ ፕላስቲክ፣ አጭር ቃል ልበል። ለቀላልና ለመካከለኛ ችግር ይሠራል። በቀን እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ሲበላና ቡና ሲጠጣ ይወልቃል። ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ ብላችሁ፣ በዚያ ላይ ከሰዓት ሌላ ጎረቤት ጋ ቡና የምትጠሩ ከሆነ ሰዓቱ አይሞላላችሁም። ለእንዲህ ያለ ሰው የማይወልቀውን ሽቦ እመርጥለታለሁ።

የሽቦው ኑሮ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሸንኮራ፣ በቆሎ እሸት ከነቆረቆንዳው፣ አጥንት መጋጥ፤ ይቅሩ። የፈንዲሻ ልጣጭ ድድ ውስጥ ይሰነቀራል። ቀለም የሌለውን ብሬስ ከመረጣችሁ ላስቲኩን የአልጫው እርድ በአንድ ማዕድ ቢጫ ያደርገዋል። መፋቂያ ከሽቦው ሥር ስለማይገባ ለስላሳ ብሩሽና ትንሿ የመሃል ብሩሽ ግድ ናቸው። ድዳችሁን የተነቀሳችሁ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። የጠቆረ ድድ ሲቆጣ መቅላቱ አይታይም። ስለዚህ መድማቱን ተከታተሉ፤ ስትቦርሹ በተደጋጋሚ ከደማ ሐኪም ይየው።

አቅጣጫው ተቃራኒ ነው

ብዙ ሰው ምርጫውን "ወይ ብሬስ ወይ ኦፕራሲዮን" አድርጎ ያስበዋል። ቀዶ ጥገና የሚደረግለት ሰውም በአብዛኛው ብሬስ ያስራል፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት ከ12 እስከ 18 ወር፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከ6 እስከ 12 ወር። ጠቅላላው ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ይሆናል፤ ሲዘገይ ሦስት ዓመትም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የሚነጻጸረው ብሬስ ብቻውን እና ብሬስ ከቀዶ ጥገና ጋር ነው።

ከላይ አጥብቄ የተናገርኩበት ምክንያት እዚህ ጋ ነው። የታች መንጋጋው ወደ ኋላ የቀረ ሰው እንውሰድ። ሰውነት ብልህ ነው፤ የታች የፊት ጥርሶቹ የላይኞቹን ለማግኘት ብለው በዓመታት ውስጥ ወደ ፊት ያጋድላሉ። በብሬስ ብቻ የሚታከም ከሆነ ሐኪሙ ይህንኑ ያግዛል። የላይኞቹን ወደ ኋላ ይስባል፣ የታችኞቹንም እንደ ሁኔታው ትንሽ ወደ ፊት ይገፋል። ለቀዶ ጥገና የሚዘጋጅ ከሆነ ግን ግልባጩን ይሠራል። የታችኞቹን ወደ ኋላ መልሶ አጥንታቸው ላይ ቀጥ ያደርጋቸዋል። ያኔ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ቀዶ ሐኪሙም መንጋጋውን ወደ ፊት የሚያመጣበት ቦታ ያገኛል። የሚነቀሉት ጥርሶች እንኳ ይለያያሉ። በመጀመሪያው መንገድ ብዙ ጊዜ የሚነቀለው ከላይ ነው፤ በሁለተኛው መንቀል ካስፈለገ ከታች ሊሆን ይችላል።

አንድ ዓመት ሙሉ በመጀመሪያው መንገድ ሄዶ "አልሆነም፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል" የተባለ ሰው የሄደበትን ሁሉ መመለስ አለበት። የተነቀለው ጥርስ ግን አይመለስም። ለዚህ ነው የብሬስ ሐኪሙና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሙ ራጁን አይተው መጀመሪያ መስማማት ያለባቸው። ለቀዶ ጥገና የምትዘጋጁ ከሆነም ይህን ያዙ፦ ከቀዶ ጥገናው በፊት ባሉት ወራት አነካከሳችሁና መልካችሁ ከበፊቱ ይብሳል። ዘመድ "ይሄ ሐኪም አበላሸሽ" ይላል። አልተበላሸም፣ የዕቅዱ ክፍል ነው። አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ግን መሃል ላይ ይደናገጣል፤ ብሬሱን የሚያስነቅልም አለ።

ቀዶ ጥገናው ራሱ

በሙሉ ማደንዘዣ ይሠራል። የሚቆረጠው ከአፍ ውስጥ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፊት ላይ የሚታይ ጠባሳ አይቀርም። የላይኛው መንጋጋ ሲቆረጥ ሐኪሞቹ ሌፎርት አንድ ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1901 የፊት አጥንት የሚሰበርባቸውን መስመሮች ባጠናው ፈረንሳዊ ሐኪም ስም ነው። የታችኛው መንጋጋ በግራና በቀኝ ለሁለት ተሰንጥቆ ይንሸራተታል። ይህን አሠራር ኦብቬገሰር የተባለው ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1957 ያሳተመው ሲሆን እየተሻሻለ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። አጥንቱ አዲሱ ቦታ ላይ በቲታኒየም ፕሌትና በትንንሽ ብሎን ይታሰራል። ብረቱ ካላስቸገረ በቀር እዚያው ይቀራል። አዘዞ ኤርፖርት ፍተሻ ላይ ያስጮኸኛል ብላችሁ አትስጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አይጮህም።

አንድ መንጋጋ ሲሆን ሥራው አጠር ይላል፤ ሁለቱም ከሆኑ 4 ወይም 5 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ሆስፒታል የሚቆየው ጥቂት ቀን ነው።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት በግልጽ ልንገራችሁ። ፊት ያብጣል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ይብሳል። ዓይን እስኪጠብ፣ ከንፈር እስኪገለበጥ ድረስ ነው። አፍንጫ ይዘጋል። የላይና የታች ብሬስ በላስቲክ ስለሚያያዝ አፍ እንደልብ አይከፈትም። አጥሚት በሲሪንጅ በጉንጭ በኩል ይገባል፤ ግማሹ ደረት ላይ ይፈስሳል፤ ከንፈሩ ስለደነዘዘ ባለቤቱ አይታወቀውም። ጭንቅላት ከፍ አድርጎ ነው የሚተኛው። በዚያ ሳምንት ብዙ ሰው ያለቅሳል፣ "ምን ነካኝ?" ይላል። ይህ የሚያልፍ ነው። አብዛኛው እብጠት በሳምንታት ውስጥ ይወርዳል፤ የቀረችው ለወራት ቀስ እያለች ትሄዳለች። አስታማሚ ሆኖ የሚሄደው ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ፤ በሽተኛው ፊት ቆሞ እንዳይደነግጥ።

ከስጋቶቹ ሁሉ በደንብ ልትጠይቁበት የሚገባው የነርቭ ነገር ነው። በታችኛው መንጋጋ ውስጥ ለታች ከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ ነርቭ ያልፋል። ከታች መንጋጋ ቀዶ ጥገና በኋላ ከንፈርና አገጭ መደንዘዝ የተለመደ ነው። በአብዛኛው በወራት ውስጥ፣ አንዳንዴ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ይመለሳል። የተወሰኑ ሰዎች ላይ ግን በከፊል ሳይመለስ ይቀራል። ከንፈሩ መንቀሳቀሱን አያቆምም፤ የሚጠፋው ስሜቱ ነው። ይህን መቀበል የማይችል ሰው ከመፈረሙ በፊት ቆም ይበል። ኢንፌክሽን፣ ደም መፍሰስ፣ መንጋጋው በከፊል ወደ ነበረበት መመለስም አሉ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጥንቱ ለመግጠም ይቸገራል፤ ስኳር ያለበት መጀመሪያ ስኳሩን ያስተካክል።

አጥንቱ በደንብ እስኪይዝ 6 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ማኘክ የለም። እኛ ጋ ለዚህ የሚሆን ምግብ ሞልቷል፦ አጥሚት፣ በሶ በወተት፣ ቀጠን ያለ ሽሮ፣ እርጎ፣ የአቮካዶ ጁስ፣ የተፈጨ ሾርባ። ጾም ላይ ሲውል ግን ወተቱ፣ እንቁላሉና ሾርባው ይቀራል፤ ያኔ ነው ሰውነት የሚመነምነው። የታመመ ሰው ጉዳይ ከነፍስ አባቱ ጋር የሚያልቅ ነው። ቀኑን የምትመርጡት እናንተ ከሆናችሁ ግን የምመክረው ከፋሲካ ማግስት ነው። በዓለ ሃምሳ ጾም የሌለበት 50 ቀን ነው፤ 6 ሳምንቱን ሙሉ ያቅፈዋል። ለጥምቀት ወይም ለጥር ሠርግ ተብሎ ታኅሣሥ ላይ መሠራት ግን አይሆንም። ሚዜ ልትሆኑ ብትሄዱ እንኳ በዚያ ፊት ፎቶ መነሳት አትፈልጉም።

ጎንደርና አዲስ አበባ

ቀዶ ጥገናው አንድ ጊዜ ነው፤ ብሬሱ በየወሩ ነው። ጎንደር ላለ ሰው ይህ ልዩነት ብዙ ይወስናል። ለአንድ ጊዜ ሥራ አዲስ አበባ ድረስ ተሂዶ ይመጣል። በየወሩ ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና መመላለስ፣ ያውም መንገዱ አንዱን ሳምንት ተከፍቶ ሌላውን በሚዘጋበት ጊዜ፣ አይሆንም። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ግን ቲኬቱን በ20 ቀጠሮ አባዙት።

ስለዚህ ፍለጋውን ከቅርብ ጀምሩ። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ከተማ ናት። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የጥርስ ክፍል ወይም የምታምኑት ክሊኒክ ታዩ። ድዳችሁን አሳክሙ፣ የተበላ ጥርስ አስሞሉ። ከዚያ በየወሩ ልትደርሱበት የምትችሉት የብሬስ ሐኪም የት እንዳለ አጣሩ። ጎንደር ካልሆነ ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ብሬሱን የሚያስረው ሌላ ከተማ ከሆነ ሽቦ ሲወጋችሁ ወይም ጥርስ ላይ ከተለጠፉት የብሬስ ቁራጮች አንዷ ብትነቀል እዚህ ማን እንደሚረዳችሁ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። ሰም ሁልጊዜ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ ጉንጭ የሚወጋ ሽቦ ላይ ይለጠፋል።

ለቀዶ ጥገናው የሆስፒታሉ ስም ትልቅ መሆኑ አይበቃም። ከሐኪሙ ጋር ስትገናኙ ይህን ቀዶ ጥገና፣ ማለትም አነካከስ የማስተካከሉን፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚሠራ ጠይቁ። በአደጋ የተሰበረ መንጋጋ መጠገን ሌላ ሙያ ነው። ከብሬስ ሐኪማችሁ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩም ጠይቁ። የማይተዋወቁ ሁለት ሐኪሞች መካከል ራጅ ተሸክማችሁ የምትመላለሱት እናንተ ብቻ ከሆናችሁ ያሳስበኛል።

እኔ ብሆን እንዴት እወስናለሁ?

መንጋጋው ደህና ከሆነና ጥርሱ ብቻ ከተጣመመ ክርክር የለም፤ ብሬስ ነው። የመንጋጋው ልዩነት መካከለኛ ሆኖ ማኘክ የማያስቸግር፣ ፊታችሁም የማያስከፋችሁ ከሆነ አሁንም ብሬስ ብቻውን እላለሁ። ለጥቂት ሚሊሜትር ብሎ ሙሉ ማደንዘዣ ውስጥ መግባት አይታየኝም።

የፊት ጥርስ ጨርሶ የማይገናኝ፣ የታች ጥርስ የላይ ላንቃን እየወጋ የሚያቆስል፣ አገጭ ወደ ጎን የሄደ፣ ልዩነቱ ከ10 ሚሊሜትር ያለፈ፣ ወይም መንጋጋው በጣም በመቅረቱ ሌሊት ትንፋሹ እየተቆራረጠ የሚነቃ ሰው ከሆነ ግን ቀዶ ጥገናውን ፊት ለፊት ማሰብ አለበት። ብሬስ ብቻውን እዚህ ጋ የሚያደርገው ጥርሱን አሰልፎ ችግሩን እዚያው ማስቀመጥ ነው። ሦስት ዓመት መከታተል የማይችል ሰው ግን አይጀምረው። ለቀዶ ጥገና ተዘጋጅቶ መሃል ላይ ማቋረጥ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሰውየው ከጀመረበት ብሶ ይቀራል።

አለመነካትም ምርጫ ነው። 45 ዓመት የሞላው፣ በደህና የሚበላ፣ በመልኩ የማይጨነቅ ሰው "አስተካክል" ስለተባለ ብቻ ምንም ማድረግ የለበትም። የማልደግፈው አንድ መንገድ ግን አለ፤ ጤነኛ ጥርስን ሞርዶ ሽፋን በማልበስ በሁለት ሳምንት "ማስተካከል"። የተሞረደ ጥርስ አይበቅልም፤ ሽፋኑም በየዓመታቱ ይቀየራል፤ መንጋጋው እንዳለ ነው።

ሰው በገጣጣነቱ ሲሰደብ ያደገ ከሆነ ደግሞ መልኩን እንደ ትንሽ ምክንያት አልቆጥረውም። ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው የሚከፍለውን ያውቃል። ይህን ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩት፤ የሕክምናው ዕቅድ ውስጥ መግባት ያለበት ነገር ነው።

ገንዘብ ላይ ስትደርሱ አንድ ቁጥር ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። የብሬሱ ዋጋ የየወሩን ክትትልና የተነቀለን መልሶ መለጠፍ ይጨምራል ወይ? የቀዶ ጥገናውስ ፕሌትና ብሎን በማን ነው? ማደንዘዣው፣ አልጋው፣ ደም ቢያስፈልግ? የአስታማሚ ማደሪያና ትራንስፖርት በራሳችሁ ነው፤ ጻፉት። ከታች መጨረሻ ላይ የሚበቅሉት መንጋጋ ጥርሶች ካሉ ከቀዶ ጥገናው ስድስት ወር ያህል ቀድመው እንዲነቀሉ ይታዘዝ ይሆናል፤ እሱም ወጪ ነው።

ሪቴነሩንም ጠይቁ። በሁለቱም መንገድ ብሬሱ ከተፈታ በኋላ ጥርስ ወደ ቦታው መመለስ ይፈልጋል፤ የሚይዘው ሪቴነር ነው። መጀመሪያ ቀንና ሌሊት፣ በኋላ ሌሊት ሌሊት ለዓመታት ይደረጋል። የተዘጋ ሰፊ ፍንጭት ካላችሁ ከጥርሱ ጀርባ የሚለጠፍ ቀጭን ሽቦ ይሻላል፤ ፍንጭት ቶሎ ይከፈታል። የሚወልቀውን በፈላ ውሃ አትጠቡት፣ ይጣመማል። ምግብ ቤት ስትበሉ በሶፍት ጠቅልላችሁ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት፤ አስተናጋጁ ከትርፍራፊው ጋር ይጠርገዋል። ሣጥኑን ያዙ፤ ቢጠፋ ጎንደር ውስጥ የት እንደሚሠራላችሁም ብሬሱ ሳይፈታ አጣሩ።